ኤሲው የሚያቀዘቅዘው መቼ ነው?

«ጋዝ አልቋል» የሚለው መልስ ለብዙ ጊዜ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ነገሩ የጀመረው ግንቦት ላይ ነው። ግንቦትን ድሬዳዋ ውስጥ፣ ያውም መኪና ውስጥ ላሳለፈ ሰው ስለ ሙቀቱ ማውራት አያስፈልግም። የኔዋ አሮጌ ኮሮላ ኤሲ ድንገት ሞቃት አየር ይሰጥ ጀመር። ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ኮፈኑን ከፍቶ አየት አደረገና «አብሽሪ እህቴ፣ ጋዝ ነው ያለቀው» አለኝ። ሞላልኝ። እጄን ወደ አየር መውጫው ጠጋ ሳደርግ ቀዝቅዟል። ከፍዬ ሄድኩ። በዚያው ቀን ከሰዓት ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር፣ ሞተር ሳላጠፋ እህቴን ስጠብቅ፣ ያው ሞቃት አየር ፊቴ ላይ መጣ።

ተመልሼ ሄድኩ። «ትንሽ አንሷት ይሆናል» ብሎ ጨመረልኝ። አሁንም ጠዋት ነበር፣ አሁንም ቀዘቀዘ። ቀን ላይ ደግሞ ያው ሆነ።

ስለ ልጁ ክፉ መናገር አልፈልግም። ታታሪ ነው፣ ሰው ያከብራል። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን አይቃጠልም። መኪናዋ ስለሄደች አትጨርሰውም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ እየዞረ፣ አንዴ ፈሳሽ አንዴ ጋዝ እየሆነ ይኖራል እንጂ። አልቋል ከተባለ በሆነ ቦታ ሾልኮ ወጥቷል ማለት ነው። ታዲያ በየት ወጣ? ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ደግሞስ ጠዋት ተሞልቶ ከሰዓት እስኪያልቅ ድረስ የሚያፈስ ቀዳዳ ካለ፣ በማግሥቱ ጠዋት ማንም ሳይነካው እንዴት ተመልሶ ያቀዘቅዛል? ያለቀ ነገር ሌሊት ተኝቶ አድሮ ጠዋት አይመለስም፤ አንዴ ከወጣ ወጣ ነው።

ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ ብል ማጋነን ይሆናል፤ ግን መሪ በያዝኩ ቁጥር አብሮኝ ይነዳ ነበር። እማዬ የደም ግፊት አለባት። ሐኪም ቤት የማመላልሳት እኔ ነኝ። ለሷ ኤሲ ቅንጦት አይደለም። በግንቦትና በሰኔ እዚህ ከተማ ውስጥ የታሸገ መኪና ውስጥ አሮጊት እናቱን አስቀምጦ የተጓዘ ሰው የምለው ይገባዋል።

ወደ ሐረር

በዚያ ሰሞን ሐረር ለቅሶ ለመድረስ ከእማዬ ጋር ወጣን። ከከተማው ሳንወጣ ነው «ልጄ፣ መስኮቱን ክፈቺው በቃ፣ ይሄ ነገርሽ አልሆነም» ያለችኝ። ከፈትኩት። ከዚያ ደግሞ አቧራው ስለመጣ መልሼ ዘጋሁት።

የደንገጎን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ የተጫነ መኪና ፊት ለፊት ከገባብህ ወገብህን ይዘህ ከኋላው መሳብ ነው። እኛም እንደዚያው ሆንን። ኤሲው ነፍስ የለውም፤ ትንሽ ብርድ ብርድ ይልና መልሶ ይጠፋል። ያን ዳገት ስወጣ ሁልጊዜ የማስበው አንድ ነገር አለ። የጅቡቲው ባቡር መጀመሪያ የታሰበው ወደ ሐረር ነበር። ተራራው ከበደና ሐዲዱ ከሥር ሜዳው ላይ ቀረ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚያ ሲደርስ ድሬዳዋ ተወለደች፤ ስሟንም አዲስ ሐረር ብለዋት ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር 1902 ማለት ነው። በዚያው በ1902 ነው ዊሊስ ካሪየር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ኒው ዮርክ ብሩክሊን ለሚገኝ ማተሚያ ቤት የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአየር ማቀዝቀዣ የነደፈው። የሱ ጭንቀት የሰው ላብ አልነበረም፤ እርጥበት ወረቀቱን እያጣመመ ቀለሙን ስላበላሸባቸው ነው። ባቡሩ ዳገቱን መውጣት ቢችል ኖሮ ዛሬ ብዙዎቻችን ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ጋቢ ደርበን እንኖር ነበር። አልቻለምና 1,200 ሜትር ላይ ሙቀቱ መሀል ቀረን። ስለዚህ ኤሲ ለድሬ ልጅ የባዕድ ነገር አይመስለኝም፤ ከከተማችን ጋር እኩያ ነው።

ደንገጎን እንደጨረስን መንገዱ ተመቸ። የተጫነውን መኪና አለፍኩት። ትንሽ ፍጥነት ጨመርኩ። አዴሌን ሳናልፍ ኤሲው እንደ አዲስ ቀዘቀዘ። ጥርት ያለ ብርድ። እማዬ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ «አሁን ደህና ሆነ» አለች። እኔም ደጋ ስለገባን ነው ብዬ ደመደምኩ። የውጭው አየር ሲቀዘቅዝ የውስጡም ይቀዘቅዛል። ቀላል ነው። ሐሮማያን እስክናልፍ ድረስ በዚህ ሐሳብ ተረጋግቼ ነዳሁ።

አወዳይ

አወዳይን በጫት ሰዓት ለማለፍ የሞከረ ሁሉ የሚሆነውን ያውቃል። መኪናው፣ ባጃጁ፣ እግረኛው፣ ነዶ የተሸከመው ሁሉ አንድ ላይ ነው። ቆምን። ጭራሽ ቆምን። ክላክስ ብቻ ነው የሚሰማው።

ትንሽ ቆይቶ እማዬ ከኋላ «ምነው ጠፋ እንዴ?» አለችኝ። እጄን ወደ አየር መውጫው ዘረጋሁ። ሞቋል። መስኮቱን ዝቅ ሳደርግ ከውጭ የገባው አየር ከኤሲው አየር ይቀዘቅዛል። እዚህ ጋ ነው ሁሉም ነገር የተገለጠልኝ፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ ልናገረው።

አወዳይ ደጋ ነው። ሙቀት የለም። ስለዚህ «ደጋ ስለገባን ነው የቀዘቀዘው» ያልኩት ወደቀ። ደጋው አሁንም ደጋ ነው፣ ኤሲው ግን ሞቋል። ጋዙም ቢሆን ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት በደንብ ያቀዘቅዝ የነበረው ያው ጋዝ ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ሾልኮ አላለቀም። ታዲያ ምንድን ነው የተለወጠው? ፀሐዩ ያው፣ ከፍታው ያው፣ ጋዙ ያው፣ መኪናዋም ያችው ናት። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቆምን።

ከዚያ ከኋላ ያለውን ሁሉ መቁጠር ጀመርኩ። ከዚራ ጥላ ሥር እህቴን ስጠብቅ ቆሜ ነበር። ደንገጎ ላይ ከተጫነው መኪና ኋላ እየተሳብኩ ነበር፤ ከመቆም አይሻልም። ጋራዡስ? እዚያም ቆመን ነው የሞከርነው፤ ግን ጠዋት ነበር፣ አየሩ ለስላሳ ነበር፣ ሞተሩም ገና አልጋለም። ስለዚህ እዚያ ሲያቀዘቅዝ ጋዙ ሠራ ብለን ተለያየን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ የጠዋቱ ጥገና ከሰዓት ይፈታል።

ይህን ሁሉ ጊዜ ሁላችንም፣ እኔም መካኒኩም እማዬም፣ የምናወራው ኤሲው መቼ እንደሚሞቅ ነበር። መቼ እንደሚያቀዘቅዝ የጠየቀ አልነበረም። ችግሩ ደግሞ ተደብቆ የተቀመጠው እዚያ ነው። ፈጽሞ የማያቀዘቅዝ ኤሲና እየመረጠ የሚያቀዘቅዝ ኤሲ አንድ ዓይነት በሽታ የላቸውም። እየመረጠ የሚያቀዘቅዝ ከሆነ የሚመርጥበት ምክንያት አለው። ምክንያቱን ካወቅክ ደግሞ የተበላሸውን ዕቃ ግማሽ መንገድ አግኝተኸዋል።

ሕዝቡ ገለል ሲል ተንቀሳቀስን። ከአወዳይ ወጥተን ትንሽ እንደሄድን ብርዱ ተመለሰ። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ስለ መኪና ማሰብ ነውር ነውና ሐሳቡን ገፋሁት። ስንመለስ ግን ዝም ብዬ ነው የነዳሁት፤ እማዬ ሐዘን መስሏት «አይዞሽ» አለችኝ።

በማግሥቱ አንድ ነገር ማረጋገጥ ነበረብኝ። ሐረር መንገድ ላይ ፍጥነትም ነበር፣ ቀዝቃዛ አየርም ነበር፤ ሁለቱ ተቀላቅለዋል። ስለዚህ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው ሜዳማ መንገድ ወጣሁ። ያ ሙቀት መቼም ሙቀት ነው። በደህና ፍጥነት ስነዳ ኤሲው አቀዘቀዘ። ዳር ይዤ ቆምኩና ሞተሩን ሳላጠፋ ጠበቅኩ። ብዙም ሳይቆይ ሞቀ። እንደገና ነዳሁ፣ ቀዘቀዘ። አበቃ። ጉዳዩ የአየር ጠባይ አይደለም፣ የጋዝ ማለቅም አይደለም። ጉዳዩ ንፋስ ነው።

ሙቀቱ የት ይሂድ?

ንፋስ ምን አገባው የሚል ካለ ኤሲው እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ ልበል። ኤሲ ብርድ አያመርትም። ሙቀት ነው የሚያጓጉዘው። ከክሩስኮቱ ውስጥ ባለችው ትንሽ ራዲያተር መሳይ ዕቃ፣ ኢቫፖሬተር በምትባለው፣ ፈሳሹ ወደ ጋዝ ሲለወጥ የመኪናውን ውስጥ ሙቀት ይጠጣል። የብዙዎቻችን መኪና ውስጥ ያለው አር 134 ኤ የሚባለው ጋዝ በተራ የአየር ግፊት ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ስለዚህ ለመትነን ሰበብ አይፈልግም። ከዚያ ኮምፕሬሰሩ ጨምቆ ግፊቱንም ሙቀቱንም ይጨምርና ፊት ለፊት፣ ከራዲያተሩ ቀድሞ ወዳለው ኮንደንሰር ይልከዋል። ኮንደንሰሩ ሙቀቱን ለውጭ አየር ያስረክባል። ሙቀቱን ሲያስረክብ ጋዙ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፣ እንደገና ወደ ውስጥ ይሄዳል።

እንደ ተሸካሚ ቁጠሩት። ጭነቱን ከቤት አውጥቶ በር ላይ ይደርሳል። በር ላይ የሚቀበለው ከሌለ ያንኑ ተሸክሞ ይመለሳል።

ተቀባዩ ንፋስ ነው። መኪናው ሲሄድ ንፋሱ በራሱ ይመጣል። ሲቆም ደግሞ ንፋሱን የሚያመጣው ፋን ነው። እዚህ ላይ የድሬን ሙቀት አስቡት። ሙቀት ከሚሞቀው ወደሚቀዘቅዘው ነው የሚሄደው። የውጭው አየር 35 ዲግሪ ከሆነ ኮንደንሰሩ ሙቀቱን ለማስረከብ ከ35 በደንብ በላይ መጋል አለበት። ያ ማለት ግፊቱም ይጨምራል። ፋኑ ካልዞረ ደግሞ ግፊቱ እየወጣ ይሄድና በመጨረሻ የግፊት መቆጣጠሪያው ኮምፕሬሰሩና ቱቦው እንዳይጎዱ ኮምፕሬሰሩን ያጠፋዋል። ብዙ መኪኖች ላይ ይህ የሚሆነው ግፊቱ ወደ 450 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ሲደርስ ነው። አሁን ጋዝ በጋዝ ላይ የተጨመረበትን መኪና አስቡት። ግፊቱ ገና ከመነሻው ከፍ ብሏል። ማለትም መድኃኒት ተብሎ የተሰጠው ነገር በሽታውን እያባሰ ነበር።

ሞተሩስ ለምን አልጋለም? ይህ ነው ነገሩን የደበቀው። የኔ መኪና ሁለት ፋን አላት። አንዱ የራዲያተሩ ነው፣ ሌላው የኮንደንሰሩ። የራዲያተሩ ፋን ጤነኛ ስለሆነ የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። አንድ ፋን ብቻ ያላቸው መኪኖች ላይ ቢሆን ሞተሩ ራሱ ይጮህ ነበር።

ኒሙ ሥር

ግቢያችን ውስጥ አንድ ትልቅ ኒም አለ። ቅዳሜ ከሰዓት መኪናዋን እዚያ ጥላ ሥር አቆምኳት። ወንድሜም መጣ። ኮፈኑን ከፍቼ ሞተሩን አስነሳሁና ኤሲውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩ። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የኮምፕሬሰሩ ፍሪሲዮን ያዘ ማለት ነው። ይህ ድምፅ ደስ ሊያሰኛችሁ ይገባል። ጋዝ ጭራሽ ካለቀ አብዛኛውን ጊዜ ኮምፕሬሰሩ አይነሳም፤ የግፊት መቆጣጠሪያው አይፈቅድለትም። ቺንጋው ይዞራል፣ ኮምፕሬሰሩ ይዞራል። የኮንደንሰሩ ፋን ግን ደርቆ ቆሟል።

እዚህ ጋ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የቆመ ፋን ድንገት ሊነሳ ይችላል። እጅ ማስገባት የለም። ነጠላ፣ ሻሽ፣ የተንዠረገገ ፀጉር፣ ሁሉም መታሰር አለበት። ልጆች ከአጠገብ ይራቁ።

ዕቃ ከመፍታቴ በፊት አንድ ሙከራ አደረግኩ፤ ይህን ለማንኛውም ሰው እመክራለሁ፤ ምንም አያስወጣም። ሞተሩም ኤሲውም እየሠራ፣ ኮንደንሰሩ ላይ ከፊት በኩል ቀስ ብዬ ውኃ አፈሰስኩበት። ወንድሜ ውስጥ ተቀምጦ አየሩን ይዳስሳል። ብዙም ሳይቆይ «አቦ! በረዶ ሆነ!» ብሎ ጮኸ። ውኃው ፋኑ ያልሠራውን ሥራ ሠራለት፣ ሙቀቱን ተቀበለ። ጋዙ አለ፣ ኮምፕሬሰሩ ይጨምቃል፣ ውስጡ ደህና ነው ማለት ነው። የጎደለው ንፋስ ብቻ ነው። የድሬን ውኃ ግን ልማድ አታድርጉት፤ ጀበናና ማንቆርቆሪያ ላይ የሚያስቀረውን ነጭ ቅርፊት ኮንደንሰሩም ላይ ያስቀራል።

ቀጥሎ ፋኑ ለምን አልዞረም የሚለው ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል፤ ሥሩ ደግሞ ወይ ኤሌክትሪኩ አልደረሰውም፣ ወይ ደርሶት የፋኑ የራሱ ሞተር ሞቷል። ፊውዙን አየሁ፣ ደህና ነው። ሪሌውን፣ ማለትም ለፋኑ ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋውን ትንሽ ማብሪያ፣ አጠገቡ ካለው ተመሳሳይ ሪሌ ጋር ቀያየርኩ፣ ለውጥ የለም። የፋኑን ሶኬት ነቅዬ ኤሲው በርቶ ሳለ በቴስተር ለካሁ። 12 ቮልት በትክክል ይመጣል። ስለዚህ ከዚያ ኋላ ያለው ሁሉ፣ ፊውዙ፣ ሪሌው፣ ሽቦው፣ ነፃ ወጣ። ጥፋተኛው የፋኑ ሞተር ነው። ለማረጋገጥ የመኪናዋን ሞተር አጥፍተን ከባትሪው ፊውዝ ባለው ሽቦ በቀጥታ መብራት ሰጠነው። አልነሳም። ወንድሜ በካቻቢቴው እጀታ የፋኑን ጀርባ መታ መታ ሲያደርገው ትንሽ ዞረና ቆመ።

ይህ የታወቀ ምልክት ነው። ሲመታ የሚነሳ ሞተር ካርቦኑ፣ ኤሌክትሪኩን ወደሚዞረው ክፍል የሚያደርሰው ዕቃ፣ አልቋል። ካርቦኖቹ አልቀው ከመዞሪያው ጋር መነካካት ሲያቅታቸው ነው እንዲህ የሚሆነው። ፋኑን አወረድነው፤ ጥቂት ብሎን ነው፣ 10 ቁጥር ቺያቤ ይበቃዋል። የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ጎረቤታችን ካርቦኑን ለወጠው። ዋጋው አንድ ጊዜ ጋዝ ለማስሞላት ከሚከፈለው በጣም ያነሰ ነበር።

ፋኑ ወርዶ ሳለ በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መካከል ያለውን ክፍተት አየሁ። አቧራ፣ የነፍሳት ክንፍ፣ የደረቀ ቅጠል፣ የፌስታል ቁራጭ። ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ጋር የምንኖር ሰዎች ይህ አይገርመንም። በለስላሳ ውኃ ከኋላ ወደ ፊት አጠብኩት። በላቫጆ የግፊት ውኃ አታስጠቡት፤ ቀጫጭኖቹ የአሉሚኒየም ክንፎች ይተኛሉና የንፋስ መንገድ ይዘጋሉ።

ፋኑን መልሰን ስንገጥም ወንድሜ አንድ ወረቀት ኮንደንሰሩ ፊት ለፊት አስጠጋ። ወረቀቱ ተስቦ ተጣበቀ። ሽቦው ተገልብጦ ቢሆን ኖሮ ፋኑ በተቃራኒው ዞሮ ወረቀቱን ወደ ውጭ ይገፋው ነበር፤ ያኔ የሚዞር ፋን እያየን ለምን አያቀዘቅዝም ብለን ሌላ ሳምንት እንለፋ ነበር። ከዚያ ኒሙ ሥር ቆመን፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ጠበቅን። ቀዘቀዘ። ቀዝቅዞም ቆየ። እማዬ ከቤት ወጥታ ከኋላ ገብታ ተቀመጠችና በሩን ዘጋችብን፤ ለመውጣት አልቸኮለችም።

ጋዙስ?

ጋዙ ላይ ግን እጄን አላስገባሁም፤ ማንም ቤቱ ውስጥ እንዲያደርገው አልመክርም። ፊውዝ፣ ሪሌ፣ ፋን፣ ቺንጋ፣ ማጠብ፣ ማጣሪያ መለወጥ የቤት ሥራ ነው። ጋዝ ሌላ ነው። ዓይን ላይ ቢረጭ ያቀዘቅዛል ብቻ ሳይሆን ያቃጥላል፣ ዓይን ያጠፋል። ኮምፕሬሰሩ ጨምቆ በሚልክበት በኩል ያለው ግፊት የሚቀለድበት አይደለም። አንዳንድ ቦታ የማብሰያ ጋዝ የሚሞሉ እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ ይህ በሚቀጣጠል ጋዝ በተሞላ ቱቦ ፊት ቤተሰብን ማስቀመጥ ነው፤ በፍጹም አይደረግም። አዲሶቹ ኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ኮምፕሬሰራቸው ራሱ በከፍተኛ ቮልት ነው የሚሠራው፤ ብርቱካናማ ሽቦ ካያችሁ አትንኩ።

የኔ መኪና ጋዝ በጋዝ ላይ ስለተጨመረባት ፋኑ ከተሠራ በኋላ ጋዙን ስቦ በሚያወጣና በሚመዝን ማሽን ወደሚሠራ ባለሙያ ወሰድኳት። አወጣው፤ ትርፍ ነበር። በቫኪዩም ፓምፕ ቱቦውን ባዶ አድርጎ አቆየው፣ እርጥበቱ እንዲወጣና ቀዳዳ ካለ እንዲታወቅ። ከዚያ ኮፈኑ ሥር የተለጠፈው ወረቀት ላይ የተጻፈውን መጠን በሚዛን መልሶ ሞላ። ለትንንሽ መኪና ይህ መጠን ብዙውን ጊዜ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። በዓይን ግምት የሚሞላ ነገር አይደለም። ትርፉን ደግሞ ወደ ሰማይ ሳይለቀው ጠርሙሱ ውስጥ መለሰው። ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። 1 ኪሎ አር 134 ኤ አየር ላይ ሲለቀቅ በ100 ዓመት ስሌት ከ1,400 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበለጠ ምድርን ያሞቃል። ዓለም በ2016 በፈረንጅ አቆጣጠር ኪጋሊ ላይ ተሰብስቦ እነዚህን ጋዞች ለመቀነስ የተስማማው ለዚህ ነው። ሙቀቱን በየቀኑ በቆዳችን የምናውቀው የኛ ዓይነት ከተማ ይህን ጋዝ በየመንደሩ እየሞላ ማፍሰሱ ልቤን ይነካዋል።

ጥፋቱ የመካኒኮች ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችን ጋራዥ ስንገባ «ምን እንደሆነ እይልኝ» አንልም። «ጋዝ ሙላልኝ» ነው የምንለው። ምርመራውን ጨርሰን፣ መድኃኒቱን አዘን እንሄዳለን። እሱም የታዘዘውን ይሰጣል። ለመፈለግ የሚያጠፋውን ሰዓት አንከፍለውማ። ደንበኛው ቸኩሏል፣ ባለሙያው ቸኩሏል፣ ጋዙ ርካሽ መፍትሔ ይመስላል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ እነዚህ አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ፤ ስለዚህ ይህን ልማድ ካሁኑ ብንተወው ይሻላል ባይ ነኝ። እኔ አሁን ጋራዥ ስገባ የምናገረው እንዲህ ነው፦ ስሄድ ያቀዘቅዛል፣ ስቆም ይሞቃል። ወይም፦ ጠዋት ደህና ነው፣ ቀን አይሆንም። ወይም፦ ብርዱ አለ፣ ንፋሱ ግን ደካማ ነው። ይህ የመጨረሻው የወንድሜ ቪትዝ ነበር። ከክሩስኮቱ ኪስ ኋላ ያለው ማጣሪያ አቧራ ጠጥቶ ጥቁር ሆኖ ነው የወጣው። ለውጦት አለቀ፤ ለሱም ጋዝ ሙላ ብለውት ነበር።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ የሜትር ታክሲ ሹፌር ወሬውን ሰምቶ መጣ። «የኔም ፋን ነው መሰለኝ፣ እዪልኝ እህቴ» አለኝ። መቼ ነው የሚያቀዘቅዘው ብዬ ጠየቅኩት። አሰበና «መቼም አያቀዘቅዝ፤ ስሄድም ስቆምም ያው ነው» አለ። ኒሙ ሥር አስቆምነው። ፋኖቹ ይዞራሉ። ኮምፕሬሰሩ ግን አይይዝም። ኮንደንሰሩን ስንመለከት ታች ጥግ ላይ አቧራው ቅባት ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ከጋዙ ጋር ዘይት ስለሚዞር ጋዝ በሚሾልክበት ቦታ ዘይት ይታያል። የሳሙና አረፋ ቀባንበት። ቱቦው ውስጥ የቀረችው ትንሽ ጋዝ ቀስ ብላ አረፋውን ነፋችው። የጠጠር ምት ሳይሆን አይቀርም። የሱ ጋዝ በእርግጥ አልቆ ነበር፤ የወጣበትም ቦታ ታወቀ። ኮንደንሰሩን ከአዲስ አበባ አዝዟል። እስኪመጣ መስኮት ከፍቶ ይሠራል፤ ጋዝ ግን አላስሞላም።